ዘይት የጠጣው ፍሬን

ገይላኒ ቁልፉን ሲያዞረው መኪናዋ በአንዴ ተነሣች። ባትነሣለት ይመርጥ ነበር።

የመንደሩ ሰው ከተምር ዛፎቹ ሥር ቆሞ ያየዋል። ከኋላ ወንበር ሽማግሌው ኤምበይሪክ ዶማውንና የገመድ ጥቅሉን ታቅፎ ተቀምጧል። ከፊት፣ ከገይላኒ ጎን፣ አልያ አለች፤ የተጠቀለለችበትን ሰፊ ነጠላ፣ የመልሕፋዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ መንገዱን ብቻ ታያለች።

«ቢስሚላህ በልና ውጣ» አለችው።

ያርባ፣ የአልያ ባል፣ ጎህ ሲቀድ ከተራራው ማዶ ካለው፣ ቡ ጠልሓ ከሚባለው የውሃ ጉድጓድ ደለል ሊያወጣ ወርዶ ግድግዳው ተንዶበታል። ወሬውን ያደረሰው አንድ ግመል ጠባቂ ነው፤ ኔትዎርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥቶ ደወለ። «አልሞተም! ከሥር ድንጋይ በድንጋይ እየመታ ይመልስልናል። ግን አሸዋው መፍሰሱን አላቆመም። ኤምበይሪክን አምጡልን!» አለና ስልኩ ተቋረጠ። ጉድጓዱን ከሠላሳ ዓመት በፊት በድንጋይ የገነባው ኤምበይሪክ ነበር። ከጎኑ የተደፈነ አሮጌ ጉድጓድ እንዳለና ከዚያ በኩል ወደ ሥሩ መግባት እንደሚቻል የሚያውቅ ሌላ ሰው በሕይወት የለም። በማይሆን ቦታ ዶማ ያሳረፈ እንደሆነ ያርባን በእጁ ቀበረው ማለት ነው።

የመንደሩ ፒክአፕ ትናንት አጣር ከተማ ገበያ ወርዷል። የቀረችው የገይላኒ መኪና ብቻ ናት፤ ከእሱ ጋር ያረጀች፣ አርባ ዓመት የሞላት፣ ጀርመን ሠራሽ የናፍጣ መኪና። ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን ሕመምተኛ፣ ስንቱን ፍየል አመላልሳለች። ገይላኒም ተሳፋሪ መልሶ አያውቅም፤ ይኮራበት ነበር።

ዛሬ ግን ሊመልሳቸው ይወድ ነበር። ከመንደሩ ሰው ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር እሱ ያውቃል።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ አጣር ላይ፣ መካኒኩ የአጎቱ ልጅ ሐድራሚ ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ቀጭን ቱቦ ነቅሎ አሳይቶት ነበር። ከቱቦው ጫፍ ጥቁር ዘይት ጠብ አለ።

«ይህን አየኸው?» አለው ሐድራሚ። «የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ከእነዚህ ቱቦዎች በራሱ አየር አይስብልህም፤ ስለዚህ ይህች ትንሽ ፓምፕ ትመጥለታለች። ፍሬንህን የሚያግዘው፣ በርህን የሚቆልፈው፣ ሞተርህን የሚያጠፋው እሷ የምትመጠው ነው። አሁን በሆዷ ያለው ስስ ጎማ ተሰንጥቆ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ እየላከች ነው። እነዚህ ቱቦዎች ደግሞ ዘይት መቅመስ የለባቸውም። ፍሬን ማገዣው ዘንድ የደረሰ ቀን የእሱንም ጎማ አብስሎ ይበላዋል፤ ፔዳልህ ድንጋይ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ወንድሜ፤ ጎማውን እንቀይር፣ ቱቦውን እንጠብ።»

«የተምሩ ወቅት ይለፍ፤ አሁን ሰው በሰው ላይ ነው» አለ ገይላኒ።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ተሳፋሪ ሳይመጣ ኮፈኑን ከፍቶ በጨርቅ የውጭውን ዘይት ይጠርገዋል። የውስጡን ግን እንዴት ይጠረግ? ከሳምንት በፊት የኋላ በሮቹ መቆለፍ እንቢ አሉ። ከትናንት ወዲያ ቁልፉን ሲያወጣ ሞተሩ ትንሽ ተንተፋተፈና ነው የጠፋው። ዛሬ ነገ ሲል ይህ ቀን ደረሰ።

ሜዳው ላይ ሲወጡ ነፋሱ ጠበቃቸው።

መጀመሪያ መሬቷን እየላሰ መጣ፤ አሸዋው በጎማዎቹ ሥር እንደ ውሃ ይፈሳል። ቀጥሎ በምሥራቅ በኩል ሰማዩ ቡናማ ሆነ። ገይላኒ መስኮቱን ዘጋ፣ ጥምጣሙን አፍንጫው ላይ ሳበ፣ ማርሽ ቀነሰ። የአቧራው ግንብ ሲደርስባቸው መኪናዋ ከግራ ወደ ቀኝ ተንገዳገደች። ጠጠር መስታወቱን ይደበድበዋል። ከኮፈኑ ጫፍ ወዲያ የሚታይ የለም።

«ቁም ልጄ» አለ ኤምበይሪክ። «ነፋስ ያልፋል።»

«ያርባስ?» አለች አልያ ሳትዞር። «አሸዋው እሱንም ይጠብቀዋል አባባ?»

ገይላኒ አልቆመም። በየጥቂት ደቂቃው እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ ይሞክረዋል። በመጀመሪያ እንደ ወትሮው ለስለስ ብሎ ወረደ። በሁለተኛው ጠንከር አለ። በሦስተኛው ከግማሽ በታች አልወርድም አለ። ላብ በጥምጣሙ ሥር ወደ ዓይኑ ወረደ። ይናገር? እዚህ ባዶ ሜዳ ላይ ምን ብሎ?

በዚህ መካከል አንድ ግመል መጣ።

ከአቧራው ውስጥ አንገትና ሁለት የፊት እግር ብቻ ሆኖ ወጣ፤ ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ መሐል መንገድ ላይ ቆሟል። ገይላኒ ፍሬን ረገጠ። ከድንጋይ ግድግዳ ጋር እንደ መጋፋት ነበር። ወገቡን ከወንበሩ አንሥቶ በሁለት እግሩ ቆመበት፤ መኪናዋ አሁንም ትሄዳለች። አልያ ጮኸች። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘው። የግመሉ ጭን የጎን መስታወቱን ነቅሎ ወሰደው፣ አንድ እርግጫ በሩን አጎደጎደው፤ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ በአሸዋ ጉብታ ላይ አፍንጫዋን ደፍታ ቆመች።

ገይላኒ ቁልፉን አዞረ፣ አወጣውም። ሞተሩ መምታቱን አላቆመም።

አልያ ቁልፉን እጁ ላይ አየች፣ ሞተሩንም አዳመጠችና ወደ እሱ ዞረች። «ቁልፉ እጅህ ላይ ነው። ለምን አይጠፋም?»

«እሱ... አንዳንዴ...»

«ፍሬኑስ? ቆመህበት ነበር፤ አይቼሃለሁ።»

ገይላኒ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ ሞተሩ ጎን ያለውን ማጥፊያ ዘንግ በእጁ ተጭኖ አጠፋው። ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ ሲነቅለው ዘይት በእጁ ላይ ተንዠቀዠቀ። አልያ ከኋላው መጥታ ቆማ ነበር፤ መልሕፋዋ እንደ ሸራ ይወጠራል።

«መቼ ጀመረው?» አለችው።

«ሦስት ሳምንት ሆነው።»

«ሦስት ሳምንት አውቀህ! ያርባን የሚያወጣውን ሰው እዚህ ውስጥ አስቀምጠህ፣ እኔን አስቀምጠህ!» አለችው። «ብትነግረኝ በግመል እሄድ ነበር። በእግሬ እሄድ ነበር!»

«ብነግርሽ አትሳፈሪም ብዬ አይደለም። አፈርኩ» አለ ገይላኒ። «ወላሂ ነው የምልሽ፤ አፈርኩ።»

ኤምበይሪክ በዝግታ ወርዶ መሐላቸው ገባ። ዕድሜውን በሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ስለ ኖረ ሲናገር አይቸኩልም። «ጠቡን ስንደርስ ትጨርሱታላችሁ። ከፊታችን ቁልቁለቱ አለ። ልጄ፣ ይህ ነገር ምን አጥቶ ነው የታመመው?»

«ጎማ፣ አባባ። የመዳፍ ስፋት ያለው ስስ ጎማ። የመኪና ካላማዳሪያ ቆርጬ ብገጥምለት ዘይቱ በሰዓት ውስጥ ያቀልጠዋል።»

«ቆዳስ?»

ገይላኒ ቀና አለ። ሽማግሌው እጁን ከመኪናው ጎን ወደ ተንጠለጠለው የውሃ ስልቻ ዘረጋ፤ ከፍየል ቆዳ የተሠራ፣ በቅጥራን የተለፋ፣ ሆዱ በውሃ የተነፋ። «ይህ ሠላሳ ዓመት ውሃም ዘይትም አላሳለፈም።»

«የምንጠጣው እኮ ነው።»

«ጀሪካን ውስጥ ትንሽ አለ። ያርባ ግን ምንም የለውም» አለ ኤምበይሪክና ቢላውን አወጣ።

ለአንድ ሰዓት ያህል ሠሩ። አልያና ሽማግሌው ብርድ ልብስ ወጥረው ነፋሱን ከለከሉለት፤ ገይላኒ በካቻቢቴና በፒንሳ ፓምፑን ፈታ። የተሰነጠቀው ጎማ በጣቱ መሐል እንደ በሰበሰ ቅጠል ተቀደደ። ቆዳውን በልኩ ቆረጠ፣ ቀዳዳውን በሚስማር በሳ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ። እያንዳንዷን ቱቦ በአፉ ነፋ፤ ዘይቱ ምላሱ ላይ መረረው። አልያ ከቦርሳዋ የሽቶ ጠርሙስ አውጥታ አቀበለችው፤ የሽቶው አልኮል የቀረውን ዘይት አጥቦ አወጣ። ቱቦው እንደ ሠርግ ቤት ሸተተ፤ ማንም ግን አልሳቀም። ወደ በሮቹና ወደ ማጥፊያው የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች በእንጨት ውታፍ ደፈናቸው። ያለችው አቅም ለፍሬኑ ብቻ ትሁን።

«ቆዳው ጥቂት ማሳለፉ አይቀርም» አለ። «የሚያልፈውን ዘይት ቱቦው መሐል ላይ የሚያጠምድ ዕቃ ያስፈልገናል። ዘይቱ ከሥር ይቀመጣል፤ አየሩ ብቻ ከላይ ያልፋል።»

የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በስቶ ሁለት ቱቦ ከተተበት፤ ሞተሩን ሲያስነሣ ጠርሙሱ እንደ ተጨበጠ ወረቀት ጭምድድ አለ። ገይላኒ ተሳደበ።

«ብርጭቆ ነው የሚያስፈልገው» አለ። «ወፍራም ብርጭቆ።»

አልያ ለአፍታ ቆመች። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ትልቅ የብርጭቆ ማሰሮ አመጣች፤ እናቷ ለያርባ የላከችለት ቅቤ ነበረበት። ክዳኑን ከፈተች፣ ቅቤውን አሸዋው ላይ ደፋችው፣ በመልሕፋዋ ጫፍ አድርቃ ሰጠችው። ገይላኒ ዓይኗን ማየት አልቻለም።

ናፍጣ ከጀሪካን ለመሳብ የሚይዘውን ረጅም ቱቦ ለሁለት ቆረጠው። አንዱን ከፓምፑ በኮፈኑ ክፍተትና በመስኮቱ አሳልፎ እስከ ማሰሮው ሥር አወረደው፤ ሌላውን ከማሰሮው አፍ አጠገብ አስጀምሮ ወደ ፍሬን ማገዣው መለሰው። ክዳኑን በካላማዳሪያ ቁራጭ አሸገ፣ በሽቦ አሰረ። ማሰሮውን አልያ ጭን ላይ አስቀመጠ።

«ዓይንሽን እንዳትነቅይ። ዘይቱ የላይኛውን ቱቦ አፍ ከነካ ንገሪኝ። እሱን ካለፈ አለቀልን።»

ሞተሩ ተነሣ። ማሰሮው ሲጥ አለ። ገይላኒ ፔዳሉን ረገጠው፤ ለስለስ ብሎ ወረደ። እንባው መጣ፤ ግን በአቧራው አመካኘ። በኋላ ማርሽ ከአሸዋው ጉብታ አውጥቷት መንገዱን ቀጠለ።

ቁልቁለቱ አፋፍ ሲደርሱ ነፋሱ በርዶ ነበር። ያ ደግሞ የባሰ ሆነ፤ ሁሉም ይታያል። መንገዱ በጥቁሩ ገደል ጎን ዘጠኝ ጊዜ ይጠማዘዛል፤ በአንድ በኩል አለት፣ በአንድ በኩል ባዶ አየር። ከታች፣ ከሁለተኛው ጥምዝ ሥር፣ ባለፈው ዓመት የወደቀ ጭነት መኪና ጎማዎቹን ሰቅሎ ተኝቷል። ገይላኒ ወደዚያ ላለማየት ዓይኑን መንገዱ ላይ ተከለ።

አንደኛ ማርሽ አስገባ። «የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ዓመቱ ነው» አለ። «ከእንግዲህ የምደብቀው የለኝም።»

«አንድ ጣት» አለች አልያ ማሰሮውን እያየች።

አንደኛውን ጥምዝ ዞሩ። ሁለተኛውን። ሞተሩ እያጉረመረመ መኪናዋን ወደ ኋላ ይይዛታል፤ ገይላኒ ፔዳሉን በስስት፣ ጥቂት ጥቂት ብቻ ይነካዋል። ጠጠር ከጎማው ሥር እየተፈናጠረ ወደ ገደሉ ይወርዳል፤ ሲያርፍ አይሰማም።

«ሁለት ጣት።»

በአራተኛው ጥምዝ የኋላ ጎማ ተንሸራተተ። ኤምበይሪክ ጮክ ብሎ ቁርአን መቅራት ጀመረ። በአምስተኛው ላይ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ወጣ፤ ሞተሩ ዘይቱን እየበላ ነው።

«ሦስት... ገይላኒ፣ ሦስት ጣት! አፉ ሊደርስ ነው!»

«ያዙ!» ፍሬን ረገጠ። መኪናዋ ከስድስተኛው ጥምዝ በላይ፣ ቁልቁለቱ ገና አፍጥጦ፣ ቆመች። «አባባ፣ ድንጋይ! ከፊት ጎማ ሥር!»

ሽማግሌው ከዕድሜው በማይጠበቅ ፍጥነት ዘለለ፤ ሁለት ድንጋይ አንከባሎ አስደገፈ። አልያ ክዳኑን ፈታች። አየር ፉጨት እያሰማ ወደ ማሰሮው ሲገባ በገይላኒ እግር ሥር ፔዳሉ ጠነከረ። አንዱ ድንጋይ ድቅቅ ብሎ ተፈረካከሰ። መኪናዋ አንድ ስንዝር ወረደች።

«አልያ!»

«እየደፋሁ ነው!»

ሌላ ስንዝር። ኤምበይሪክ ትከሻውን ከመብራቱ ላይ አስደገፈ፤ አንድ አሮጌ ሰው አንድ ቶን ተኩል ብረት ሊያቆም። «አባባ፣ ከዚያ ይውጡ! ይውጡ እላለሁ!» ገይላኒ በሁለት እግሩ ፔዳሉ ላይ ቆሟል። አልያ ክዳኑን ገጠመች፣ ሽቦውን ጠመዘዘች፤ ጣቷ ተቆርጦ ደም በብርጭቆው ላይ ወረደ። ማሰሮው ሲጥ አለ። ፔዳሉ ለሰለሰ። መኪናዋ ቆመች።

ኤምበይሪክ ሌሎች ትላልቅ ድንጋዮች ከጎማዎቹ ሥር ጨመረ። ገይላኒ ወርዶ የመጨረሻዋን የዘይት ጣሳ ሞተሩ ውስጥ ገለበጠ። ቀና ሲል ከታች፣ ሰፊው ሜዳ ላይ፣ አንዲት ቢጫ ነጥብ አቧራ እያስነሣች ስትሄድ አየ። ከኋላዋ አንዲት ነጭ ፒክአፕ ትከተላለች።

«ያ የዴዳህ ቆፋሪ ማሽን ነው» አለ። ዴዳህ ድሮ እንደ እሱ ተሳፋሪ ይጭን የነበረ፣ ኋላ የመንገድ ሥራ ጨረታ አሸንፎ የከበረ ሰው ነው። በተገናኙ ቁጥር የገይላኒን መኪና «አሮጊቷ ፍየል» እያለ ይቀልዳል። «ወሬውን ሰምቶ ሊረዳ ነው የሚሄደው።»

ኤምበይሪክ ዓይኑን አጨንቁሮ አየ። ከጠዋት ጀምሮ ሳይፈራ የቆየው ፊቱ አሁን ተለወጠ። «ያ ብረት ከጉድጓዱ አፍ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ከቆመ ክብደቱ ብቻ ይበቃል። አሸዋው ሁሉ ይናድበታል።»

«ደውሉለት!» አለች አልያ።

ስልኩ ኔትዎርክ አልነበረውም።

የቀሩትን ጥምዞች እንዴት እንደ ወረደ ገይላኒ ኋላም በቅጡ አላስታወሰም። የሚያስታውሰው የአልያን ድምፅ ነው፤ «አንድ ጣት... አንድ ተኩል... ሁለት...»። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ማርሽ ጨመረ። መኪናዋ በሰርዶ ጉብታዎቹ ላይ ትዘላለች፤ ኤምበይሪክ ጣሪያውን በሁለት እጁ ደግፏል። ቢጫው ማሽን ከፊታቸው እየገዘፈ መጣ፤ ግን ቀድሟቸዋል። ድንኳኖቹ ታዩ። ግራሮቹ ታዩ። ጉድጓዱን የከበቡት ሰዎች ታዩ። ማሽኑ ክንዱን እያነሣ ወደ እነሱ ይጠጋል።

«ደረሰ!» አለች አልያ። «ዘይቱ አፉን ሊነካ ነው፤ ምን ላድርግ?»

ለመቆም ጊዜ የለም። ገይላኒ አሰበ፤ በሕይወቱ እንዲህ ፈጥኖ አስቦ አያውቅም። ፍሬን ማገዣው ውስጥ ፓምፗ መጥጣ ያጠራቀመችው የመሳብ ኃይል አለ። ዘይት ካልገባበት፣ ካልተነፈሰም፣ ለአንድ ርግጫ ይበቃል። ለአንድ ብቻ።

«ወደ ፍሬኑ የሚሄደውን ቱቦ እጠፊው! አጥብቀሽ! ምንም እንዳያልፍ!»

አልያ ቱቦውን አጥፋ በሁለት እጇ ጨመቀችው፤ በጥርሷም ነከሰችው። ገይላኒ እግሩን ከፍሬኑ አራቀ። ልቡ ንካው ንካው አለው፤ አልነካውም። ሰዎች ጮኸው ግራና ቀኝ ተበተኑ። ማሽኑ ከጉድጓዱ ሠላሳ እርምጃ ላይ ነው። በመሐላቸው አንዲት መኪና የምታልፍበት ክፍተት አለ፤ ገይላኒ ወደዚያች ክፍተት መሪውን አጠፈና ያችን አንዷን ርግጫ ረገጠ።

ፔዳሉ ወረደ። መኪናዋ ተንሸራታ፣ በጎኗ ዞራ፣ ከማሽኑ ብረት ጥፍር ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቀጥ አለች።

ዴዳህ ከማሽኑ ላይ ዘሎ ወረደ። «አብደሃል እንዴ? በዚህች ፍየልህ ልትገድለኝ ነው? ሰው እያወጣሁ እኮ ነው!»

«ወደ ኋላ መልሰው!» አለ ገይላኒ በመስኮቱ። «ሞተርህን አጥፋ!»

«አንተ ማን ነህና...»

ኤምበይሪክ በሩን ከፍቶ ወረደ። ጮክ አላለም። «ዴዳህ፣ ልጄ፣ አጥፋው። ጆሮህንም መሬት ላይ አድርግ።»

ሽማግሌውን ሲያይ ዴዳህ ሊናገር ያለውን ዋጠ። ማሽኑ ጠፋ። የገይላኒ መኪና ግን በቁልፍ አትጠፋም፤ ሮጦ ኮፈኑን ከፍቶ በዘንጉ አጠፋት። ያኔ ጸጥታው ወደቀ፤ ከጸጥታው ሥር፣ በጣም ሩቅ፣ ቷ... ቷ... የሚል ድምፅ ተሰማ። አልያ አላህን እያመሰገነች በግንባሯ መሬት ላይ ተደፋች።

ኤምበይሪክ ከጉድጓዱ አፍ ወደ ትልቁ ግራር አሥራ አራት እርምጃ ቆጠረ፣ ሁለት ወደ ግራ ሄደ፣ ዶማውን ተከለ። «ከዚህ። በእጅ። በቀስታ።» ገይላኒ መጀመሪያ ገባ። ዴዳህ ሰፊ ቀሚሱን አውልቆ ከጎኑ ወረደ። ተራ እየተቀያየሩ፣ አሸዋውን በቆዳ ባልዲ እያወጡ፣ በግራር እንጨት ጎኑን እየደገፉ ቆፈሩ። ሁለት ጊዜ ተናደባቸው። አንድ ጊዜ ድምፁ ጠፋና ሁሉም እጃቸውን ይዘው ቀሩ፤ ከብዙ ቆይታ በኋላ ቷ... አለ። ፀሐይ ግራሮቹን ልትነካ ስትል የገይላኒ ጣቶች የድንጋይ ግንብ ነኩ። ኤምበይሪክ እንዳዘዘው ሦስት ድንጋይ ነቀለ። ከጨለማው ውስጥ አንድ እጅ ወጥቶ የእጁን አንጓ ያዘው።

«ውሃ» አለ ያርባ።

ሲያወጡት ፊቱ ከአሸዋው አይለይም ነበር። አንድ እግሩ ከጉልበት በታች ተሰብሯል። አልያ ራሱን በጭኗ ይዛ በጣቷ ከንፈሩን ታረጥባለች፤ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ደግሞ «አንተ ደደብ» ትለዋለች። ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት።

ዴዳህ የገይላኒን ትከሻ በኃይል መታው። «ወላሂ ዛሬስ ሰው ሆነሃል! ስሙ እናንተ፣ ያለዚህ ሰው እኔ ነበርኩ የምገድለው! በዚያ ቁልቁለት በዚያች አሮጊት! ጀግና ነው!»

ሰው ሁሉ ወደ ገይላኒ ዞረ። ምስጋናው እንደ ትኩስ ሻይ ደረቱን አሞቀው። ዝም ቢል እዚህ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሽማግሌ ነው፣ አይናገርም። አልያን አያት። እሷም ታየዋለች፤ ፊቷ ላይ ቁጣም ይቅርታም አይነበብም፤ ትጠብቃለች።

«ጀግና አይደለሁም» አለ። «መኪናዋ መታመሟን ሦስት ሳምንት አውቄያለሁ። ዘይት ፍሬኗን ሲበላው በጨርቅ እየጠረግኩ ደበቅኩ። ዛሬ ሦስታችንንም፣ ያርባንም አራተኛ፣ ልገድል ነበር። ያተረፈን የአባባ ስልቻና የአልያ እጅ ነው።»

እልልታው ቆመ። ዴዳህ እጁን ከትከሻው ላይ አነሣ።

«እሺ፤ አሁን ሐኪም ቤት ይድረስ» አለ አንድ ሽማግሌ በመጨረሻ። «ገይላኒ፣ ጫነው እንጂ።»

«አልጭነውም።»

«ምን አልክ?»

«ተጠግና፣ ቱቦዋ ታጥቦ፣ ሐድራሚ በእጁ ካልፈተሻት በቀር ሰው አይገባባትም። እዚሁ ትቁም።» ወደ ዴዳህ ዞረ። ከዚህ ሰው አንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳ ለምኖ አያውቅም። «ፒክአፕህን ስጠኝ። ለምኜሃለሁ።»

ዴዳህ ለአፍታ አየው፤ የቀልድ ቃል ከንፈሩ ላይ ደርሶ ሲመለስ ታየ። ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ወረወረለት።

ያርባን በፍራሽ አድርገው ከኋላ ጫኑት። አልያ ከራስጌው ተቀመጠች። ገይላኒ መሪው ዘንድ ደረሰና ቆመ፤ ተመልሶ ወደ ፊት ሄደ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ይዳስስ ጀመር።

«ሰውዬ፣ ዓመት እንኳ ያልሞላት አዲስ መኪና እኮ ናት!» አለ ዴዳህ። «ሰው ተጎድቶብን አንተ ምን ትፈልጋለህ?»

«ተወው» አለች አልያ ከላይ። «ይየው።»